ጨለማው የማን ነው? በናይፖል የሕንድ ጉዞ መጽሐፍ ላይ የቀረበ ሂሳዊ ንባብ

መነሻ

ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ1931 የመልእክት ቡድን መርተው ጃፓንን ከጎበኙ በኋላ ያዩትን ጽፈው በ1924 ዓ.ም. ሲያሳትሙ ለመጽሐፋቸው የሰጡት ስም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» የሚል ነበር። ከዚያ ሠላሳ ዓመት ያህል ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1962፣ ሠላሳ ዓመት ሊሞላው ጥቂት ወራት የቀሩት አንድ ወጣት ደራሲ ወደ ሌላ የእስያ አገር፣ ወደ ሕንድ ተጓዘ። እርሱም ያየውን ጽፎ እ.ኤ.አ. በ1964 በእንግሊዝኛ አሳተመ። የመጽሐፉ ርዕስ ወደ አማርኛ ሲመለስ «የጨለማ ክልል» እንደ ማለት ነው። ደራሲው ቪ. ኤስ. ናይፖል ነው።

የሁለቱን መጻሕፍት ዝርዝር ማነጻጸር የዚህ ጽሑፍ ዓላማ አይደለም። ርዕሶቹን ጎን ለጎን ማቆም ግን አንድ ነገር ያመለክታል። በእኛ የጉዞ ጽሑፍ ልማድ ተጓዡ በአመዛኙ አገሩን ወክሎ የሚሄድ ነው። ያየውን የሚመዝነው «ይህ ለአገሬ ምን ይጠቅማል?» በሚል ሚዛን ነው፤ ስለ ራሱ የሚናገረውም ጥቂት ነው። የ«ጨለማ ክልል» ተራኪ በአንፃሩ ማንንም አይወክልም። የሄደው የአያቱን አገር ለማየት ነው፤ የሚመዝንበትም ሚዛን ራሱ ነው። ይህም የመጽሐፉ ጉልበት ምንጭ የመሆኑን ያህል የእንከኑም ምንጭ ሆኗል።

መጽሐፉ ከታተመ ስድሳ ዓመት አልፎታል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ሁለት ዓይነት አንባቢዎች ተከራክረውበታል። አንደኞቹ እውነቱን ያለ ይሉኝታ ተናግሯል ብለው ያወድሱታል። ሁለተኞቹ የቅኝ ገዥውን ዓይን ተውሶ የገዛ ወገኑን አዋርዷል ብለው ይኮንኑታል። በሕንድ መንግሥትም ዘንድ የወጣበት ዓመት ሳያልፍ ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሎ ነበር። በዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሁለቱም ወገኖች አንድ ጥያቄ ዘለው አልፈዋል፤ ይኸውም በርዕሱ ላይ የተጠቀሰው ጨለማ የማን ጨለማ ነው የሚለው ነው። ይህ ካልተመለሰ ተጓዡ ስለ ሂንዱዎች አኗኗር፣ ስለ ንጽሕናና ርኩሰት፣ ስለ ሥራና ማዕረግ የሚናገረውን በምን ሚዛን እንደምንቀበለው አይታወቅም።

የአያት ቤት

ባርነት በእንግሊዝ ቅኝ ግዛቶች ከተሻረ በኋላ የሸንኮራ አገዳ እርሻዎቹ ጉልበት ፈላጊ ሆኑ። ከ1845 እስከ 1917 ድረስ ከ140 ሺህ የማያንሱ ሕንዳውያን በኮንትራት ሠራተኝነት ወደ ካሪቢያኗ ደሴት ወደ ትሪኒዳድ ተጓጉዘዋል። የናይፖል የእናቱ አባት ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። ደራሲው በ1932 የተወለደው በዚያች ደሴት፣ ቻጓናስ በምትባል አነስተኛ ከተማ ነው። በ1950 በነጻ ትምህርት ዕድል ወደ ኦክስፎርድ ሄዶ በዚያው በእንግሊዝ አገር ቀረ። ሕንድን ሲያይ «የአቶ ቢስዋስ ቤት» የተሰኘውን ትልቁን ልቦለዱን ካሳተመ ገና አንድ ዓመት ቢሆነው ነው።

የመጽሐፉ የመጀመሪያ ክፍል የሚያተኩረው ሕንድ ላይ ሳይሆን የአያቱ ቤት ላይ ነው። ከሕንድ የመጡ ዕቃዎች በቤቱ ውስጥ ነበሩ፤ በገመድ የተጠለፉ አልጋዎች፣ የነሐስ ዕቃዎች፣ ምንጣፎች፣ ከበሮዎች፣ የማይሠራ ሃርሞኒየም፣ የአማልክት ሥዕሎች። ዕቃዎቹ ሲሰበሩ የሚተካቸው አልነበረም። የመጡበትም አገር ለሕፃኑ አይታየውም። ያቺ አገር ቅርጽ የሌላት፣ ከትሪኒዳድ ወዲያ የተዘረጋች ጨለማ ናት። አያቱ ከዚያ ወጥተው መጡ፤ ዕቃው ከዚያ ወጥቶ መጣ፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን የሚያበራ ወሬ የለም። እንግዲህ ርዕሱ የተወለደው እዚህ ላይ ነው። ጨለማው የልጅ አእምሮ የማይደርስበት ስፍራ ነው፤ የሕንድን ኋላ ቀርነት የሚያመለክት ስድብ አይደለም። ብዙ አንባቢ ርዕሱን አይቶ ብቻ ተቆጥቷል ማለት ይቻላል።

በዚህ ክፍል ውስጥ ካሉት ትናንሽ ትዝታዎች አንዱን በተለይ ላንሳ። በትምህርት ቤት የሳይንስ ክፍለ ጊዜ ብርጭቆና ቀጭን ቱቦ ከተማሪ ወደ ተማሪ ይተላለፋል። እያንዳንዱ በአፉ ስቦ ውጤቱን ማየት አለበት። ልጁ ናይፖል ሳይስብ ያሳልፈዋል። ማንም ያላየው ይመስለዋል፤ ከኋላው የተቀመጠው ሕንዳዊ ጎረምሳ ግን አይቶታል። ብራህሚንነቱንም በሹክሹክታ ያደንቅለታል። ልጁ አያምንም፤ ጸሎት አያውቅም፤ የቤቱ ሥርዓተ አምልኮ ያሰለቸዋል። ከንፈሩ ግን ያምናል። ሌላ ሰው የነካውን መጠየፍ ከእምነቱ በፊት የገባ፣ እምነቱ ከሄደም በኋላ የቀረ ነገር ሆኗል።

ይህ ለአማርኛ አንባቢ እንግዳ ነገር አይመስለኝም። የሌላ ሃይማኖት ተከታይ የባረከውን ሥጋ የማይቀምስ፣ ነገር ግን ቤተ ክርስቲያን ከሳመ ዓመታት ያለፉት ሰው በየቤታችን አለ። እኔ ራሴ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሳለሁ ሒሳብ ያስተማሩን በዚያ ዘመን በርካታ ከነበሩት የሕንድ መምህራን አንዱ ናቸው። በሦስት ድርብ ምሳ ዕቃ ምሳቸውን ይዘው እየመጡ ለብቻቸው ይበሉ ነበር። ሥጋ አይነኩም። እኛም «ንፉግ» አልናቸው። እሮብና ዓርብ የምንጾም ልጆች መሆናችንን ያስታወሰን አልነበረም።

ፊት የማጣት ድንጋጤ

ቦምቤይ ወደብ ላይ ተጓዡን የሚቀበለው የጽሕፈት ሥራ ነው። በከተማይቱ የአልኮል መጠጥ በሕግ የተከለከለ ስለ ነበር ይዞት የመጣው ሁለት ጠርሙስ ጉምሩክ ላይ ይወረስበታል። ፈቃድ አውጥቶ ለማስመለስ ከቢሮ ወደ ቢሮ፣ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ይንከራተታል። በሙቀቱ ብዛት አብራው ያለችው ሴት በአንዱ ቢሮ ውስጥ ራሷን ትስታለች። ውሃ ይጠይቃል። ጸሐፊዎቹ ከተቀመጡበት አይነሱም። ውሃውን የሚያመጣው ተላላኪው ነው፤ ውሃ ማምጣት የተላላኪ እንጂ የጸሐፊ ሥራ አይደለምና። ናይፖል ይህን ያለ ጩኸት ይተርከዋል፤ ቆይቶ ስለ ካስት የሚሰጠው ረጅም ማብራሪያ ሁሉ በዚህች የውሃ ብርጭቆ ውስጥ ተጠቃልሎ አለ ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጉምሩክን ደጅ የጠና የአገራችን አንባቢም ያለ ማብራሪያ የሚረዳው ትዕይንት ነው።

ከዚህ በኋላ የሚመጣው አንቀጽ ግን የመጽሐፉ ልብ ነው። ተጓዡ በትሪኒዳድም ሆነ በለንደን ሕንዳዊ መሆኑ ከሌላው ሰው ይለየዋል። ወደ ሱቅ ሲገባ፣ ምግብ ቤት ሲቀመጥ የሚያየው ሰው «ይህ ሌላ ነው» ይላል። ቦምቤይ ውስጥ ግን የሚያየው ሁሉ ራሱን ይመስላል። የለመደውን ልዩ አተያይ ይጠብቃል፤ ምንም የለም። ቸርችጌት በሚባለው የባቡር ጣቢያ በሚፈስሰው ሕዝብ መካከል ፊት አልባ ይሆናል። ወደ ወገኑ የተመለሰ ሰው ደስ ሊለው ይገባል ብለን እንጠብቃለን፤ እርሱ ግን የእውኑነቱን ግማሽ የተነጠቀ ያህል ይደነግጣል።

ይህን ድንጋጤ ልብ ሳይሉ ቀጥሎ ያለውን ቁጣ ማንበብ ስሕተት ላይ ይጥላል። ተጓዡ ሲቆጣ ከሕዝቡ ይለያል። ቁጣው የጠፋውን ፊት መልሶ ይሰጠዋል። ስለዚህ የመጽሐፉን ምሬት ሁሉ የሕንድ ሥዕል አድርገን መቀበል የለብንም፤ በከፊል ሰውየው ራሱን ከሰጠመበት የሚያወጣበት ገመድ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛ የሚረዳን ይመስለኛል። የጉዞ ጽሑፍን «የጉዞ ማስታወሻ» እንላለን፤ ይህኛው ግን ከማስታወሻ ይልቅ ትዝብት ነው። «ታዘበ» ማለት አየ ብቻ አይደለም፤ ዝም ብሎ አይቶ በልቡ ቅር አለው ማለትም ነው። «ታዘብኩህ» የምንለውም ለወዳጅ፣ ለዘመድ፣ የተሻለ ነገር ለጠበቅንበት ሰው ነው። የማናውቀው ባዕድ ቢያጠፋ እንፈርድበታለን፤ ዘመድ ቢያጠፋ ግን እንታዘበዋለን። የናይፖል መጽሐፍ በዚህ ሙሉ ትርጉሙ ትዝብት ነው። ቅያሜው የዘመድ ቅያሜ ነው። ከእንግሊዛዊ ተጓዥ ጋር አንድ ዓይን አለው የሚሉት ተቺዎች ይህን የዘመድነት ምሬት አላዩለትም፤ እንግሊዛዊው ተጓዥ ቢሆን ኖሮ ይስቅ ነበር እንጂ እንቅልፍ አያጣም ነበር።

አራቱ ጠራጊዎች

ስለ ማዕረግ የሚናገረው ምዕራፍ በመጽሐፉ ውስጥ እጅግ የተጠቀሰው ክፍል ነው። በአንድ የቦምቤይ ሆቴል ደረጃ ላይ አራት ሰዎች ይሠራሉ። አንዱ ውሃ ያፈስሳል፤ ሁለተኛው በጭራሮ መጥረጊያ ይፍቃል፤ ሦስተኛው በጨርቅ ቆሻሻውን ውሃ ወደ ታች ይገፋል፤ አራተኛው ባልዲ ይዞ ይቀበላል። ሲጨርሱ ደረጃው እንደ ነበረ ቆሽሾ ይቀራል። የናይፖል ድምዳሜ ሥራቸው ደረጃውን ማጽዳት አይደለም የሚል ነው። ሥራቸው ጠራጊ መሆን፣ ዝቅ ብሎ መታየት ነው። ከዚህ ጋር በስም የተጠራ አንድ ጸሐፊ ይመጣል። አጭር ጽሕፈት ይይዛል፤ በታይፕ ምታ ሲባል ግን የተቀጠርኩት ለዚያ አይደለም ብሎ እምቢ ይላል። ከዚህም ሁሉ በላይ ባጋቫድ ጊታ የሚያስተምረው ቃል አለ፦ የሌላውን ሥራ አሳምሮ ከመሥራት የራስን ድርሻ አጉድሎም ቢሆን መሥራት ይሻላል። ናይፖል ሦስቱን አጠላልፎ ከመንገድ ጠራጊ እስከ ቅዱስ መጽሐፍ የሚደርስ አንድ ክር ያወጣል።

አቀራረቡ ውብ ነው፤ አሳማኝነቱ ግን ከውበቱ የሚመጣ መሆኑን መጠርጠር ይገባል። አራት ሰዎች አንድ ደረጃ በደንብ ሳያጸዱ መቅረታቸው ከጊታ ጋር የሚያያዘው በምንድን ነው? የደመወዛቸው ማነስስ? የሚያሠራቸው ሰው ግዴለሽነትስ? ጸሐፊው አንዳቸውንም አልጠየቃቸውም። በመጽሐፉ ውስጥ ስም የሌላቸው ናቸው። ታይፕ አልመታም ያለው ሰው ስም፣ ንግግር፣ ኩራት፣ በመጨረሻም ዕንባ አለው፤ ስለዚህም እርሱን እናምነዋለን። ጠራጊዎቹን ግን እናያቸዋለን እንጂ አናውቃቸውም።

ለዚህ መጽሐፍ አንባቢ አንድ ቀላል መመዘኛ ልጠቁም፤ ይኸውም የዓረፍተ ነገሩን ባለቤት መመልከት ነው። ባለቤቱ አንድ ሰው ሲሆን፣ ማለትም የሆቴሉ አሽከር፣ ባለ ሱቁ፣ በባቡር የተዋወቀው ሲክ፣ ናይፖል የሚስተው ጥቂት ነው። ባለቤቱ «ሕንዶች» ሲሆን ግን ብዕሩ ይከዳዋል። በየሜዳው ስለ መጸዳዳት የሚናገረው፣ ቁጣ የቀሰቀሰው ገጽ የዚህ ምሳሌ ነው። ሕንዶች በባቡር ሐዲድ ዳር፣ በባሕር ዳር፣ በኮረብታ ላይ ይጸዳዳሉ፤ ይህንንም አያዩም ይላል። አያዩም የሚለው ቃል ነው የሚያስተዛዝበው። ማየት አለማየታቸውን በምን አወቀ? ሂንዲን በልጅነቱ ከሽማግሌዎች ሰምቶ በመጠኑ የሚረዳ እንጂ በቅጡ የሚናገር አይደለም። ከተናገሩት ይልቅ ዝም ያሉት ይበዛሉ፤ ዝምታቸውንም አለማየት ብሎ ተረጎመው። ጉዳዩ በሕንድ ሲነገርበት የኖረ ለመሆኑ ከናይፖል በፊት ጋንዲ፣ ከናይፖልም በኋላ መንግሥት ከ2014 እስከ 2019 ባካሄደው ዘመቻ ከ100 ሚሊዮን በላይ መጸዳጃ ቤቶች አሠርቻለሁ ማለቱ ምስክር ነው።

ጋንዲን ያነሣሁት በምክንያት ነው። ናይፖል አንድ ሙሉ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ጋንዲ ሕንድን እንደ ባዕድ ማየት የቻለው በደቡብ አፍሪካ ሃያ ዓመት ያህል ኖሮ ስለ ተመለሰ ነው፤ ቆሻሻውንም ያየው በዚያ ዓይን ነው ይላል። ሐሳቡ ትክክል ይመስለኛል። በተዘዋዋሪም ስለ ራሱ መናገሩ ነው፤ እኔም ከውጭ የመጣሁ ነኝ፤ ስለዚህ አያለሁ ማለቱ ነው። ግን አንድ ልዩነት አለ። ጋንዲ በግለ ታሪኩ እንደሚተርከው እ.ኤ.አ. በ1901 በካልካታ በተደረገው የኮንግረስ ስብሰባ የመጸዳጃ ቤቱን ሁኔታ አይቶ ለበጎ ፈቃደኞቹ ቢያመለክት ይህ የጠራጊዎች ሥራ ነው አሉት። እርሱም መጥረጊያ ጠይቆ አንዱን ራሱ አጸዳ። ናይፖል ደረጃው ላይ ቆሞ አራቱን ሰዎች ሲያይ እጁ ውስጥ ያለው ብዕር ብቻ ነው። ደራሲ መጥረጊያ ይያዝ ማለቴ አይደለም። ከጋንዲ ጋር ራሱን ሲያስተካክል ግን ትዝብትን ከተግባር የሚለየውን ደፍ መዝለሉን ልብ ማለት ያሻል።

የቦምቤይ ተወላጁ ገጣሚ ኒሲም ኢዚኪኤል «የናይፖል ሕንድና የእኔ» በሚል ርዕስ የሰጠው መልስ እስከ ዛሬ ከወጡት ትችቶች ሁሉ የተሻለ የሚሆነው ለዚህ ነው። ኢዚኪኤል አይሁዳዊ ነው፤ ሂንዱ አይደለም፤ በገዛ አገሩ ውስጥ ከዳር የቆመ ሰው ነው። ናይፖል ከነቀፋቸው ነገሮች ብዙዎቹን ይቀበላል። የማይቀበለው ንዴቱን ነው። እዚያው የሚኖር ሰው በየቀኑ መናደድ አይችልም፤ መኖር አለበትና። ተጓዥ የመመለሻ ቲኬት በኪሱ ስላለ እስከ ወሰን ድረስ ይናደዳል።

በዳል ሐይቅ ዳር

መጽሐፉ ወደ ካሽሚር ሲሻገር ሌላ መጽሐፍ ይሆናል። ተጓዡ በስሪናጋር፣ በዳል ሐይቅ ላይ በምትገኝ ሊዋርድ በምትባል ትንሽ ሆቴል ወራት ይቀመጣል። እዚያ አዚዝ የሚባል አሽከር አለ። ማንበብና መጻፍ አይችልም፤ ነገር ግን ሆቴሉን፣ የሆቴሉን ባለቤት፣ በመጨረሻም እንግዳውን ራሱን ያስተዳድራል። ለቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ያስጽፈዋል። ይጣላሉ፤ ይታረቃሉ። ማን ጌታ ማን ሎሌ እንደ ሆነ ይምታታል። እስከ አሁን ሲፈርድ የነበረው ተራኪ እዚህ ይሳቅበታል፤ ራሱም መሳቂያ መሆኑን ያውቃል። በዚህ ጸሐፊ ግምት ከመጽሐፉ ሁሉ ለዘለቄታው የሚቀረው ይህ ክፍል ነው። ወደ ሂንዱ አያቶቹ አገር በሄደ ሰው መጽሐፍ ውስጥ በሙሉ ሰውነቱ የተሣለው ገፀ ባሕርይ ሙስሊም መሆኑም የሚያስደንቅ ነው። ናይፖል ከአዚዝ የሚጠብቀው የዘር ዕዳ አልነበረም፤ ስለዚህ አየው።

ሆኖም ተጓዡ ለሂንዱ ሥርዓት ልቡ የተከፈተለትም ከዚህ ሳይወጣ ነው። በነሐሴ ወር አዚዝ ድንኳንና ፈረስ አሰናድቶለት ወደ አማርናት ዋሻ ከምዕመናን ጋር ይጓዛል። ዋሻው ከባሕር ወለል በላይ 3,800 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው፤ የሺቫ ምልክት የሆነው ሊንጋም በየዓመቱ ከሚንጠባጠብ ውሃ በበረዶ ይቆምበታል ተብሎ ይታመናል። በአያቱ ቤት ግድግዳ ላይ ከነበሩት ሥዕሎች አማልክቱ በበረዶ የተሸፈነ ተራራ ላይ የተቀመጡባቸው ነበሩ። ትሪኒዳድ በረዶ የለም። ልጁ ያን ነጭ ሾጣጣ ነገር ከየት እንደ መጣ ሳያውቅ አድጓል። አሁን በፊቱ ቆሞ አየው። በመጽሐፉ ውስጥ ጨለማው ለቅጽበትም ቢሆን የሚገፈፈው እዚህ ላይ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት በዋሻው ውስጥ ሊንጋሙ አልቆመም ነበር። ይህ በልቦለድ ውስጥ ቢሆን ኖሮ ደራሲው ሆን ብሎ አስቀመጠው እንል ነበር። በሺህ የሚቆጠር ሕዝብ ከቀናት መንገድ በኋላ የሌለውን ነገር ለማየት ይጋፋል። ቢነገረውም አይመለስም። ናይፖል በዚህ አይሳለቅም፤ ይልቁንም የሌለው ነገር ካለው የበለጠ ምልክት መሆን እንደሚችል ይረዳል። ደረጃው ላይ የነበሩትን ጠራጊዎች በዚህ ዓይን አይቷቸው ቢሆን ኖሮ ምን ይጽፍ ነበር?

የተሰወረችው ጓደኛ

ስለ ትረካ አንፃር አንድ ነገር ማንሣት ግድ ነው። በመጽሐፉ መጀመሪያ ቢሮ ውስጥ ራሷን የሳተችውን ሴት አይተናል። ከዚያ በኋላ ደብዛዋ ይጠፋል ማለት ይቻላል። ፓትሪክ ፍሬንች እ.ኤ.አ. በ2008 ያሳተመው የደራሲው የሕይወት ታሪክ እንደሚያስረዳው ይህች ሴት ባለቤቱ ፓትሪሺያ ስትሆን በሕንዱ ጉዞ አብራው ነበረች። መጽሐፉ የሚሰጠን ግን ብቻውን የሚንከራተት ሰው ነው። ይህ ውሸት ነው ልንል እንችላለን፤ ወይም የዘውጉ ሥልት ነው ልንል እንችላለን። ያም ሆነ ይህ ተራኪውንና ደራሲውን አንድ አድርጎ ማንበብ እንደማይቻል ያስጠነቅቃል። ብቸኛው ተጓዥ የተፈጠረ ገፀ ባሕርይ ነው። ናይፖል ልቦለድ ጸሐፊነቱን ሕንድ ወደብ ላይ ትቶ አልወረደም።

ስለ ደቡቡ የባቡር ጉዞና እ.ኤ.አ. በጥቅምትና በኅዳር 1962 በቻይና ድንበር ስለ ተነሣው ጦርነት የሚናገሩት ምዕራፎች ላይ አልዘገይም፤ ጋዜጠኛ ሊጽፋቸው የሚችል ናቸው።

የአያቱ መንደር ግን ሊታለፍ አይችልም። በምሥራቅ ኡታር ፕራዴሽ ወደምትገኘው መንደር የሚሄደው በመንግሥት ባለሥልጣን ታጅቦ በጂፕ ነው። መንደሪቱ ከፈራው የተሻለች ሆና ያገኛታል። አንዲት አሮጊት እግሩ ላይ ወድቃ ጫማውን ይዛ ታለቅሳለች። ቀጥሎ የቤተ ሰቡ አለቃ የሆነው ዘመድ ይመጣል፤ ለመሬት ክርክር ርዳታ ይፈልጋል። ይሄኔ ተጓዡ መሸሽ ይጀምራል። ጂፑ ሊንቀሳቀስ ሲል አንድ ልጅ እስከ ከተማ አሳፍሩኝ ብሎ ይለምናል። ቦታ ነበረ። ተራኪው በእግሩ ይሂድ ብሎ ይከለክለዋል። ከዚያም ይህ ጉዞ በከንቱ ጭካኔና በሽሽት መጠናቀቁን ራሱ ይመሰክራል።

በመጽሐፉ መጀመሪያ ጸሐፊዎቹ ውሃ አልሰጡም ብሎ የታዘበ ሰው በመጨረሻ በጂፕ ላይ ባዶ ወንበር ነፈገ ማለት ነው። ይህንን ማንም አላስገደደውም፤ ቢተወው አንባቢ አያውቅበትም ነበር። መጽሐፉን ከቁጣ ክምር የሚያድነው ይህ ኑዛዜ ነው። ታዛቢው በመጨረሻ ራሱን ታዘበ። ናይፖልን የሚያወድሱትም የሚኮንኑትም ልጁን በቅጡ ሳያዩ በጂፑ ማለፋቸው ይገርመኛል።

በኋላ ናይፖል ስለ ሕንድ ሁለት መጻሕፍት ጨምሯል። የ1977ቱ ከመጀመሪያው ይልቅ ይጨክናል፤ ሰውም ያንሰዋል። የ1990ው ግን ሌላ ነው። ሰዎች በራሳቸው አንደበት ገጽ በገጽ ይናገራሉ፤ ጸሐፊው ቁጭ ብሎ ያዳምጣል። በመጨረሻው ምዕራፍ ወደ ዳል ሐይቅ ተመልሶ አዚዝን ያገኘዋል። ያ መጽሐፍ ከመጀመሪያው ይልቅ ፍትሐዊ ነው፤ አስተማማኝም ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 የኖቤልን ሽልማት ተቀብሎ በ2018 ያረፈውን ደራሲ ለማወቅ የሚሻ ግን አሁንም በመጀመሪያው መጀመሩ አይቀርለትም። የሽማግሌው ማዳመጥ የመጣው ከወጣቱ አለማዳመጥ ነውና።

ይህን መጽሐፍ ወደ አማርኛ ለመመለስ የሚነሣ ሰው የመጀመሪያ ፈተናው ርዕሱ ይሆናል። እኔ ለዚህ ጽሑፍ «የጨለማ ክልል» ብየዋለሁ፤ አልረካሁበትም። በአማርኛ ጨለማ ድንቁርና ነው፤ ኃጢአት ነው፤ ከብርሃን የተቃረነ ክፉ ወገን ነው። አንባቢው መጽሐፉን ሳይከፍት ሕንድ ተሰደበች ይላል፤ እኛም በ1964 የተሠራውን ስሕተት በአማርኛ እንደግመዋለን። «ያልበራው ስፍራ» ቢባል ወደ ሐሳቡ ይጠጋል፤ ግን ክብደቱ ይቀንሳል። «ዓይን ያልደረሰበት» የሚለውን አንድ ባልደረባዬ ጠቁሞኛል። እርሱም ቢሆን የአያቱን ቤት፣ የተሰበረውን ሃርሞኒየምና በግድግዳው ላይ ያለውን በረዶ ባንድ ጊዜ አይሸከምም።